ኮሚቴው መጠለያውን የጎበኘ ዕለት

መጠለያው የቀረው የሦስት ወር ኪራይ ነበር። ከዚያ በኋላ አምስቱ ሴቶች ወደ መጡበት ይመለሳሉ። ወደ መጡበት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከእያንዳንዳቸው አፍ እየሰማሁ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የአንዷን የተሰበረ መንጋጋ፣ የሌላዋን የፈላ ውሃ የተደፋበት ጀርባ። ቅጹ ላይ «የጉዳት ዓይነት» የሚል ጠባብ ሳጥን ነበረ። አንድም ቀን ሳጥኑ የበቃው ጽሑፍ የለም፤ እየተረፈ ወደሚቀጥለው ይገባ ነበር።

ዘመኑ አንድ ለአምስት በየቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈበት፣ ከሥራው ይልቅ የሥራው ሪፖርት የሚያደክምበት የኢሕአዴግ ዘመን ነው። እኔ ቦንጋ ከተማ በሴቶች ጉዳይ ባለሙያነት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። መጠለያውን የከፈተልን ከውጭ እርዳታ የሚያገኝ አንድ ድርጅት ነው። ሁለት ዓመት ኪራዩን፣ የምግብ አብሳይዋንና የዘበኛውን ደሞዝ ከቻለ በኋላ አንድ ቀን ደብዳቤ ይዞ መጣና «ፌዝ አውት አድርገናል» አለን። ቃሉን ያን ቀን ነው የተማርኩት። ትተናችሁ ሄድን ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን ተናጋሪውን አያሳፍርም።

ከዚያ ወዲያ የቀረን የከተማውን በጀት ደጅ መጥናት ነበር። ደጅ ጠናሁ። ዝናቡ አያባራም፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ እኔ ፋይሌን በፌስታል ጠቅልዬ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ዳገት እወጣለሁ። ገንዘብ የሚይዙት ሰዎች ለእንዲህ ያለ ቤት የበጀት ኮድ የለም አሉኝ። ለጎማ ኮድ አለ፣ ለቀለም ኮድ አለ፣ ለእንግዳ መስተንግዶም አለ፤ ባሏ መንጋጋዋን ለሰበራት ሴት ግን የለም። አንድ የምክር ቤት አባል ኮሪደር ላይ አስቁመውኝ፣ ትዳር ማፍረሻ ቤት ነው አሉ የከፈታችሁት፣ ብለው ቀለዱብኝ። እኔም ሳቅኩ። ገንዘብ ፈላጊ ምን ያደርጋል፣ ይስቃል። ያ ሳቄ ዛሬም ትዝ ሲለኝ በራሴ እናደዳለሁ።

የቢሯችን ኃላፊ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ከማንም ጋር የማይጣሉ ሰው ነበሩ። በዚህ ጠባያቸው ብዙ ጊዜ አምቻቸዋለሁ፤ በመጨረሻ ግን ነገሩን ፈር ያስያዙት እሳቸው ናቸው። የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ መጥቶ መጠለያውን እንዲያይ፣ አይቶም ከደገፈው ቤቱ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ውስጥ በቋሚነት እንዲገባ አስማሙ። በቋሚነት የሚለውን ቃል ሲነግሩኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጉብኝቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ፤ የዋለውም በገበያ ቀን ነው።

እሷ የመጣችው ጉብኝቱ ስምንት ቀን ሲቀረው ነው።

ቢሮዬ በር ላይ ሴት ልጇን አዝላ ቆማ አገኘኋት። ግቢ አልኳት፤ አልገባችም። ሁለተኛም ግቢ አልኳት። በሦስተኛው ከደጃፉ አንድ እርምጃ ብቻ አለፍ አለችና ግድግዳውን ሳትነካ ቆመች፤ አንገቷን ደፍታም በቋንቋችን በካፊኖኖ «በእርስዎ ፋንታ እኔ ልቀበር» የሚለውን የድሮ ሰላምታ ሰጠችኝ። ይህ ሰላምታ ከአያቶቻችን ጋር አብሮ የተቀበረ መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ማንጆ መሆኗን አወቅሁ።

ካፋን ለማያውቅ ልንገር። ማንጆዎች ከእኛ ጋር አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በአንድ ጫካ የሚኖሩ፣ ማገዶውንና ከሰሉን ተሸክመው ገበያችን ድረስ የሚያመጡልን ሰዎች ናቸው። ቤታችን ግን አይገቡም። በእኛ ዕቃ አይበሉም፤ በስህተት የበሉበት ዕቃ ይጣላል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ትልልቆቹ የማይበላ ሥጋ ስለሚበሉ ነው ይላሉ፤ ሲበሉ አየሁ የሚል ሰው ግን እኔን አላጋጠመኝም። ሰው ሁሉ እኩል ነው የሚለውን ሕግ በየቀበሌው እየዞርኩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ወደ ቤቱ ሲገባ ዕቃው እንደ ድሮው ለብቻ ነው።

የመጣችው ከሺሺንዳ ወዲያ፣ ከመኪና መንገዱ ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር ነው። እንዳትያዝ ከመንገዱ ርቃ፣ ጫካ ለጫካ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛለች። የግራ ጆሮዋ ጫፍ ተቀዶ ደሙ ደርቋል። ባሏ የሚመታት በገጀራ ጀርባ ነው፤ ከሰሉን ሸጣ ስትመለስ ለምን ዘገየሽ ብሎ፣ ሳትሸጥ ስትመለስ ደግሞ ሰነፍሽ ብሎ። መጨረሻ የመታት ቀን፣ ከእንግዲህ በጀርባው አይደለም፣ በስለቱ ነው ብሏታል። ይህን ስታወራኝ አላለቀሰችም። መንገድ ለጠየቀ ሰው ርቀቱን እንደምትነግር ሆና ነው የነገረችኝ።

ቅጹን ሞላሁ። ወደ መጠለያው ይዣት ስሄድ ከኋላዬ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ትከተለኝ ነበር። ቆሜ ብጠብቃት እሷም ትቆማለች። ሰልችቶኝ ዝም ብዬ ሄድኩ።

መጠለያው ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ባለ አራት ክፍል ቤት ነበር። ምግብ አብሳይዋ ራሷ ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት የጎድን አጥንቷ ተሰብሮ ወደዚያ ቤት የገባች፣ ሲሻላት የተቀጠረች ሴት ናት። ከሁሉም ይልቅ በእሷ ተስፋ አድርጌ ነበር። አዲሷን ሴት አየት አደረገቻትና ወደ ጓሮ ጠራችኝ።

«እህቴ፣ ትብላ፣ ትጠጣ፣ እኔ አልከለክልም» አለችኝ። «ሳህኗን ግን አላጥብም።»

ወደ ውስጥ ስመለስ ሴቶቹ ፍራሾቻቸውን ወደ አንድ ግድግዳ ሰብስበዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ፤ ባሎቻቸውን ያልቻሉ ሴቶች ከእነሱ የባሰች ምስኪን ሲያገኙ ጊዜ ጉልበት አበጁ አልኩና ቁጭ አድርጌ ለፈለፍኩባቸው። ሕገ መንግሥቱን ጠቀስኩ፣ እግዚአብሔርንም ጠቀስኩ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ከቢታ ገነት የመጣችው፣ እስክጨርስ ድረስ ጠብቃ፣ ከማንጆ ጋር መብላቷ መንደሯ ከተሰማ ወንድሞቿ እንኳ መልሰው እንደማይቀበሏት ነገረችኝ። እኔ ለሦስት ወር ነው የማስጠልላት፤ ወንድሞቿ ግን ለዕድሜ ልኳ ነው የሚያስፈልጓት።

ስለዚህ ብልሃት ፈጠርኩ። በማግስቱ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳህንና ኩባያ ገዝቼ አመጣሁ፤ ሳህኗን ራሷ ታጥባለች፣ ማዕድ ቤቱ ጎን ባለችው ዕቃ ቤት ትተኛለች። ሁሉም ተስማማ። ሳህኑን ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀብላ አመሰገነችኝ። ችግር ፈቺ ነኝ ብዬ እየኮራሁ ወጣሁ።

ከሴቶቹ ሁሉ ታናሿ ከደካ የመጣች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። መንጋጋዋን የተሰበረችው እሷ ናት። አፏ እንደልብ ስለማይከፈት ገንፎ በማንኪያ ጫፍ እየነካች ቀስ ብላ ትበላለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ የማንጆዋ ሴት ልጅ፣ ገና መራመድ የጀመረች ናት፣ ተንገዳግዳ ሄደችና እጇን ገንፎው ውስጥ ከተተች። እናትየው በር ላይ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች። የደካዋ ልጅ ሕፃኗን አየቻት፣ ሳህኑን አየችው፣ ከዚያ ሳህኑን ወደ ሕፃኗ ጠጋ አድርጋ መብላቷን ቀጠለች። ሁለቱም ቀስ ብለው ጨረሱት። እኔ ምን አደረግሁ? ደስ አለኝና ለሪፖርት ይሆናል ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። በእነዚያ ስምንት ቀናት አንድም ቀን ከእናትየው ጋር አልበላሁም። ሥራ በዝቶብኝ ነው እል ነበር።

በጉብኝቱ ዋዜማ ምግብ አብሳይዋ እንደገና ወደ ጓሮ ጠራችኝ። እንግዶቹ መቅመሳቸው አይቀርም፤ በእኛ አገር ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀምሱ መውጣት ነውር ነው። ከበሉ በኋላ ማንጆ ያለችበት ቤት ነው የበላችሁት ቢባሉስ? አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የጠየቀችው ለደሞዟና ለሌሎቹ ማደሪያ ፈርታ ነው። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ ነው ነገሩ፤ ትዳር ማፍረሻ ተብሎ የተሳቀበት ቤት ላይ ይህ ሲጨመርበት ታየኝ። አምስቱ ሴቶች ፌስታላቸውን ይዘው ዝናብ ውስጥ መናኸሪያ ቆመው ታዩኝ።

ማንም አላዘዘኝም። ኃላፊዬ ማንጆ መኖሯንም አያውቁም ነበር፤ ሁሉ ነገር ሥርዓት ይያዝ ብቻ ነው ያሉኝ። በጉብኝቱ ቀን ከቤቱ እንድትርቅ የወሰንኩት እኔ ነኝ።

ለአንድ ቀን የት ትዋል የሚለው አስጨነቀኝ። የእናቴ ቤት ከመጠለያው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አሰብኩት። ኩባያዎቹን አሰብኩ፣ ጎረቤቱን አሰብኩ፣ እናቴ ምን ትለኛለች አልኩና ተውኩት። እናቴን አልጠየቅኋትም። ጠይቄያት ቢሆን ምን ትለኝ እንደነበር ዛሬም አላውቅም፤ እሷም አሁን በሕይወት የለችም።

በመጨረሻ የከሰል ተራው መጣልኝ። በገበያ ቀን አንዲት ማንጆ ሴት ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ማንም ምን ትሠሪያለሽ የማይላት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ከመጠለያው ማዕድ ቤት ግማሽ ጆንያ ከሰል ሰጥቻት ሻጭ መስላ ትቀመጣለች፤ ከሸጠችውም ገንዘቡ ለራሷ ይሆናል። በዚህ ሐሳቤ እንዴት እንደተደሰትኩ መናገር ያሳፍረኛል። የእሷ መንደር ሰዎች ከሰላቸውን የሚሸጡት የት ነው ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም። ተሰውሮብኝ ነው ወይስ ማሰብ አልፈለግሁም? ብዙ ሌሊት ይህን ሳመላልስ አድሬያለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚያ ተራ ከሰል ስገዛ፣ ሻጮቹ ከየት እንደሚመጡ፣ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ አስቤ አላውቅም ነበር። ከሰል ነበር የማየው።

ዕቃ ቤቷ በር ላይ ቆሜ ነገርኳት።

«ነገ እንግዶች ይመጣሉ። ለአንድ ቀን ብቻ ነው፣ ማታ ትመለሻለሽ።»

«እሺ፣ እትዬ» አለች።

ለምን አላለችኝም። ለምን ብትለኝ የምመልስላት ስለ ቦታ ጥበት አንድ ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ አላስፈለገኝም። በማግስቱ ማለዳ ልጇን አዝላ፣ ጆንያውን ተሸክማ ወጣች። ሰማያዊውን ሳህንና ኩባያ አጥባ፣ እኔ ሳልነግራት፣ ፍራሿ ሥር ደብቃ ነው የሄደችው።

ኮሚቴው በአራት ሰዓት መጣ። አራት ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢዋ በመምህርነት ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ጥላ የያዙ፣ ትንሽ የሚያነክሱ ሴት ነበሩ። በየክፍሉ ገቡ፣ ፍራሾቹን ቆጠሩ፣ ሽንት ቤቱን ሳይቀር አዩ። የደካዋ ልጅ እንድትናገር ተጠየቀች። ቃላቱ ከተገጠመው መንጋጋዋ እየተሰባበሩ ስለሚወጡ ሰብሳቢዋ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ጉልበቷን ይዘው አዳመጧት። እኔ ግድግዳ ተደግፌ፣ አለቀልን፣ ተረፍን፣ እል ነበር በልቤ።

ምግብ ቀረበ፤ ቆጮ ነበር፣ በጎመንና በሥጋ። ሁሉም በሉ። ሰብሳቢዋ እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ደብተራቸውን አውጥተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ማንጆዎች ወደዚህ መጥተው አያውቁም?» አሉ።

ሰው ነግሯቸዋል፣ አለቀ፣ አልኩ በልቤ። አንዲት አለች፣ ዛሬ ገበያ ወጥታለች፣ አልኳቸው። ፊታቸውን ሳየው ግን የጠበቅኩት ነገር አልነበረበትም። ብናገኛት ጥሩ ነበር አሉ፤ ከእናንተ ሪፖርት ውስጥ እነሱ ሁልጊዜ ይጎድላሉ፣ እንዲህ ያለ ቤት ለሁሉም መሆኑን ምክር ቤቱ ፊት ብናገር ይጠቅማችሁ ነበር አሉ። ከዚያም ደብተራቸው ላይ «አንዲት ማንጆ» ብለው ጻፉና ከሥሩ አሰመሩበት። ሰብሳቢዋ ራሳቸው ከእሷ ጋር ይበሉ ነበር ወይ? እንጃ። ግን በእሳቸው ፋንታ የፈረድኩት እኔ ነኝ፤ ሳይጠየቁ።

ሲሄዱ ወደ ገበያ ሮጥኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልሮጥኩም። ኃላፊዬ ደስ ብሏቸው ሻይ ካልጋበዝኳችሁ ስላሉ ሄድኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ሳቅኩ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጠለያ ተመልሼ አለመምጣቷን ሳይ ነው የደነገጥኩት።

ገበያው ተበትኗል። ከሰል ተራው ላይ ጥቁር አፈርና አንዲት ጆንያዋን የምታጥፍ አሮጊት ብቻ ቀርተዋል። እማማ፣ ልጅ ያዘለች፣ ጆሮዋ የተቀደደ ሴት አላዩም? አልኳቸው። አይተዋል። ምሳ ሰዓት ገደማ ባሏ ከወንድሙ ጋር ከሰል በመኪና ጭነው መጡ፤ ባልየው አልጮኸም፣ አልመታትም። ከኋላዋ መጣና ሕፃኗን ከጀርባዋ ፈትቶ ወሰዳት። ይዟት መንገድ ጀመረ። እሷ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ከሰሏን ትታ ተከተለችው።

«ማንም አልጎተታትም» አሉኝ አሮጊቷ። «ልጇን ይዟል፤ ምን ታድርግ።»

ግማሽ ጆንያው እዚያው ነበር። አንድ ሰው እንኳ አልገዛትም።

በዚያው ወደ ኃላፊዬ ቤት ሄድኩ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳቸው፤ የሳህኑንም፣ የገበያውንም። ነገ ጠዋት ፖሊስ ይዤ እሄዳለሁ አልኩ።

«ከመጠለያው ሴት ተወሰደች ከተባለ ቤቱ ጥበቃ የለውም ይባላል» አሉ። «ምክር ቤቱ ሊሰበሰብ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። አምስቱን ምን ልናደርጋቸው ነው?»

ብጮኽባቸው ደስ ባለኝ። ግን እኔ ትናንት የሠራሁትን ስሌት ነው መልሰው የነገሩኝ፤ አምስት ከአንድ ይበልጣል። ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። ሪፖርቱ ላይ ስለ እሷ የገባውን አረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «አንዲት ተጠቃሚ በራሷ ፈቃድ ከቤተሰቧ ጋር ተቀላቅላለች።» በራሷ ፈቃድ። አሮጊቷ ማንም አልጎተታትም ብለውኝ የለ? ዕለት ዕለት ማለዳ ስነቃ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የገጀራው ስለት ነበር። አንድ ቀን ከሺሺንዳ የመጣ ሾፌር ቡና ቤት ውስጥ ስለ ሞተች ሴት ሲያወራ ሰምቼ ማን ናት ብዬ ጠየቅሁት፤ በወሊድ የሞተች ሌላ ሴት ነበረች። ሌላ ሴት በመሆኗ እፎይ አልኩ። እንዲህ ያለ ሰው ሆንኩ።

ምክር ቤቱ አጸደቀው። መጠለያው የራሱ የበጀት ኮድ ተሰጠው። ሰብሳቢዋ ተነስተው ሲናገሩ የደካዋን ልጅ ነገር አንስተው አዳራሹን አስለቀሱ። አጨብጭቤያለሁ። ማታ ሴቶቹ ሲሰሙ እልል አሉ፤ የደካዋ ልጅ እልልታው አፏን ስላሳመማት በእጇ ብቻ ደረቷን እየመታች ትስቅ ነበር። ያቺ ሕፃንስ መቼ ነው የምትመጣው ብላ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ በሚኒባስ ሺሺንዳ ወረድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ከዚያ መንገድ የሚያሳየኝ ሰው ይዤ ሁለት ሰዓት ጫካ ለጫካ ሄድኩ። ስሄድ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሕይወት ትቆየኝ።

በሕይወት ነበረች። የሣር ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ምድጃ አንድዳ፣ ጎደሬ ቀቅላ አገኘኋት። ቀኝ እጇ በዛፍ ቅርፊት ተደግፎ በጨርቅ ታስሯል። በስለቱ ነው? አልኳት ገና ሰላም ሳልላት። በጀርባው ነው አለች፤ አጥንቷ ግን ተሰብሯል። ሕፃኗ እግሯ ሥር ትጫወታለች። ባሏ ከሰል ሊያከስል ጫካ ገብቷል፤ እስኪመሽ አይመለስም።

በግራ እጇ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ ከጎጆው ውጭ አነጠፈችልኝ። ውስጥ ልግባ አልኳት። ጭስ ነው፣ ልብስዎ ይበላሻል አለችኝ። ቅጠሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሁሉንም ነገርኳት። በጀቱ እንደጸደቀ፣ ቤቱ ከእንግዲህ እንደማይዘጋ፣ ልጇን ይዛ አሁኑኑ አብራኝ ልትሄድ እንደምትችል፣ ፖሊስ ባሏን እንደሚጠይቀው፣ እጇ በሆስፒታል እንደሚታይ። ይቅርታም ጠየቅኋት፤ በአማርኛ ለምጄው ስለነበር በካፊኖኖ ቃሉ ቶሎ አልመጣልኝም። እሷ ምድጃውን እያየች እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እንግዳ ከእንግዲህ አይመጣም?» አለች።

ልዋሻት ፈለግሁ። በሚቀጥለው ወር ታፔላው ሲተከል ከዞንም ከክልልም ሰዎች ለምረቃ ይመጣሉ ተብሎ ፕሮግራም ወጥቷል፤ የመንግሥት ገንዘብ የገባበት ቤት እንግዳው ይበዛል እንጂ አይቀንስም። «ይመጣል» አልኳት።

«እዚህ ይመታኛል፣ እትዬ» አለች። «እንግዳ ሲመጣ ግን ውጪ አይለኝም።»

ይህን ያለችኝ በቁጣ አይደለም። ቁጣ ቢሆን እከራከራት ነበር። ድስቱን በአንድ እጇ ከምድጃው አውርዳ ጎደሬውን በቅጠል ላይ አወጣች። ለልጇ ልጣ እያበረደች ሰጠቻት፣ ለራሷም አንድ ያዘች። ለእኔ አላቀረበችልኝም፤ አትበላም ብላ ነው። እኔም ስጪኝ አላልኳትም።